የሚፈላ መጠጥ አይታሸግም!

ቤታችሁ ውስጥ አሁን እየፈላ ያለ ቢራ፣ ጠላ ወይም ጠጅ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ተከድኖ ከተቀመጠ፣ ንባቡን አቁሙና መጀመሪያ እሱን ሄዳችሁ እዩ። ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ። ዕቃው ላይ ወፍራም ፎጣ ጣል አድርጉበት፤ ፊታችሁን ወደ ጎን መልሱና ክዳኑን በትንሽ በትንሹ አላሉት። ጋዙ "ሽሽ" ማለት ሲጀምር እጃችሁን ያዝ አድርጉ፤ ድምፁ እስኪያበቃ ድረስ ክዳኑን ጨርሳችሁ አትክፈቱ። በቆርኪ ወይም በቡሽ የታሸገ የመስታወት ጠርሙስ ከሆነ ግን አትንኩት፤ እሱ እንዴት እንደሚያዝ ከታች እነግራችኋለሁ።

የሚፈላ መጠጥ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ከነፈጋችሁት ክዳኑን ወደ ጣሪያ አስፈንጥሮ ወይም መስታወቱን በታትኖ ይወጣል። መስታወት ሲበተን አጠገቡ ሰው ከነበረ ዓይን ይጠፋል፣ የደም ሥርና ጅማት ይቆረጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ በአንድ ቱቦና በጥቂት ትዕግሥት ሊቀር በሚችል ነገር ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ማንቂያው ለሁሉም ነው፤ ይበልጥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠምቁ። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ወገኖቻችን በዓል ሲደርስ ጌሾና ብቅል ከአበሻ ሱቅ ገዝተው በአፓርታማ ውስጥ ጠላ ይጠነስሳሉ። ሌሎች ብቅሉ፣ ሆፕሱና እርሾው በአንድ ካርቶን የሚሸጥበትን የቢራ መጥመቂያ ገዝተው ይሞክራሉ። ማር የወደደ ደግሞ ብርዙን በትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ይሞላና ጠጅ ይጥላል። ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው፤ ስንት ዓመት የጠመቀች እናት ወይም አክስት አጠገባቸው የለችም። ምክሩ የሚመጣው በስልክ ነው።

"አፉን ግጥም አድርገሽ ክደኚው" ትላለች እናት ከወዲያ ማዶ። እውነቷን ነው፤ እሷ የምታውቀው ጋን ነው። የጋን አፍ በጭቃ ሲመረግ ምርጊቱ ይደርቃል፤ ግፊት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ ጋዙም በስንጥቁ ይተነፍሳል። ልጅቷ ዘንድ ያለው ግን ጋን አይደለም። የመስታወት ጠርሙስ ነው፣ በጎማ የሚጠብቅ ክዳን ያለው ባልዲ ነው፣ ወይም ጠመዝማዛ ክዳን ያለው ጀሪካን ነው። እነዚህ ቅንጣት ጋዝ አያሳልፉም። ለጋን ትክክል የሆነው ምክር ለመስታወት አደጋ ነው።

ጋዙ ምን ያህል ነው?

እርሾ ስኳርን ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በክብደት ግማሽ በግማሽ ገደማ። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ጋዝ ይወጣዋል፤ ያ ጋዝ በክፍል ሙቀት ከ250 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። እስቲ በጠጅ እናስላው። 5 ኪሎ ማር ገብቶበት 20 ሊትር የሞላ ብርዝ አለ እንበል። ከማሩ አምስት እጅ አራቱ ስኳር ስለሆነ፣ ፍላቱ እስኪያልቅ የሚወጣው ጋዝ ወደ 1,000 ሊትር ይደርሳል፤ ዕቃውን 50 ጊዜ የሚሞላ ማለት ነው። 20 ሊትር መካከለኛ ቢራም እስከ 500 ሊትር ገደማ ያወጣል።

ይህ ጋዝ በሳምንታት ላይ እኩል ተከፋፍሎ ቢወጣ ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ጥሩ እርሾ በገባበት ቢራ ፍላቱ በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከራል። መጠጡ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ከክፍሉ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ሙቀቱ እርሾውን ያነቃል፣ የነቃው እርሾ ሙቀቱን ይጨምራል። የክረምት ማሞቂያ በተከፈተበት አፓርታማ ወይም እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ይህ መቀጣጠል ይበረታል። ጠላው ቶሎ እንዲደርስ ብላችሁ የዳቦ እርሾ ከጨመራችሁበት ደግሞ ይብስበታል።

ዝምታው ነው የሚያስፈራው

ለጀማሪዎች በተሠራ የቢራ ባልዲ ክዳን ላይ ውሃ የተሞላች ትንሽ የጋዝ ማስተንፈሻ ትሰካለች። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ይወጣል፤ አየር ግን አይገባም። በሁለተኛው ቀን ማታ ቀርባችሁ ብትሰሙት ፋታ የለውም፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ ይላል። ባልዲው ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ያለበት ወፍራም አረፋ ይነሣል። ከብቅሉ የወጣው ፕሮቲን አረፋው ቶሎ እንዳይፈርስ ይዞታል፤ በአረፋው ጀርባ ላይ የሆፕስ ፍርፋሪ፣ ጠላ ከሆነ ደግሞ የጌሾ ቅጠልና የብቅል ገለባ ተሳፍሮ ይወጣል። ዕቃው እስከ አፉ ከተሞላ አረፋው ክዳኑን ይነካል። ከዚያ አንዲት የጌሾ ቅጠል ከእርሳስ በምትጠበው የማስተንፈሻዋ ቀዳዳ ገብታ ትለጠፋለች፤ አረፋው ይከተላታል፣ እዚያው ይጋገራል።

በዚህ ጊዜ ጠብጠብታው ይቆማል። ጀማሪው "ፈልቶ ጨረሰ" ብሎ ይተኛል። ውስጡ ግን እርሾው አንድ ደቂቃ አላረፈም፤ የቆመው መውጫው ብቻ ነው። ክዳኑ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተቆለመመ ይሄዳል። ከዚያ እኩለ ሌሊት ገደማ ይፈነጠራል፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መጋረጃው አረፋና ቅጠል ይሆናል። ዕድለኛ ሰው በዚህ ይተርፋል። ዕቃው መስታወት ሆኖ ውታፉ በጣም ጠብቆ የተሰካ ከሆነ ግን የሚሄደው መስታወቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ነገር በልባችሁ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ድንገት የመጣ ዝምታ የመድረስ ምልክት አይደለም። ወዲያው ተነሥታችሁ መውጫው ተደፍኖ እንደሆነ እዩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይደረግ?

ዕቃውን አትሙሉት። ቢያንስ ሩቡን ጎደሎ ተዉለት። 20 ሊትር ለመጥመቅ ከ27 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋችኋል። ጌሾና ገለባ ለሚንሳፈፍበት ጠላ ሲሶውን ብትተዉለት ይሻላል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ትንሿን ማስተንፈሻ አንሡና በምትኩ ወፍራም ቱቦ ስኩ፤ የውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ንጹሕ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አጥልቁት። አረፋ ቢመጣ በቱቦው ወደ ባልዲው ይወርዳል፣ ጋዙም ይወጣል፣ መጠጡም አየር አያገኘውም። የባልዲው ውሃ ንጹሕ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ዕቃው ውሃውን መልሶ ሊስብ ይችላል። አረፋው ከወረደ በኋላ ወደ ትንሿ ማስተንፈሻ መመለስ ትችላላችሁ።

ቱቦውን የማያገኝ ሰው ክዳኑን ላላ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በአፉ ላይ ይሰርና ከላይ ክዳኑን ጣል ያድርግበት። "ጥንካሬው ይተናል" የሚለው ሥጋት አያሳስባችሁ። የሚወጣው ጋዙ ነው፤ አልኮሉ እዚያው ይቀራል። ፍላቱ በበረታበት ወቅት የሚወጣው ጋዝ ራሱ አየሩን ከመጠጡ ላይ እየገፋ ይጠብቅላችኋል።

ሙቀቱን ያዙ። ለአብዛኛው የቤት ቢራ እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ምቹ ነው። እርሾውን መጠጡ ሳይቀዘቅዝ አትጨምሩ። ዕቃውን ከማሞቂያ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁ፤ ከሞቀ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ፎጣ ጠቅልሉበት። ከእሳት የወረደ ትኩስ የብቅል ውሃ በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አትገልብጡ፤ በሙቀቱ ብቻ ይሰነጠቃል።

ቦታውንም ምረጡ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ልጅ በሚተኛበት ክፍል፣ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር አታስቀምጡ። ከቻላችሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰፊ ሳፋ ላይ አድርጉት። ጠዋትና ማታ እዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው መስታወቱን ትቶ ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ባልዲ ቢጀምር ምክሬ ነው፤ ፕላስቲክ ሲያብጥ ይታያል፣ ሲፈነዳም ስለት አይረጭም።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ጠርሙስ ሲሞላ ነው

አረፋው ወረደ፣ ጠብጠብታው ቀነሰ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። ጀማሪው ይቸኩልና ጠርሙስ ይሞላል። ከመጀመሪያው ሳምንት አደጋ የሚከፋው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ጠርሙሱ በደንብ ታሽጓል፣ ሰውም በእጁ ይይዘዋል።

ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲኖረው የሚጨመርለት ስኳር በሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ነው፤ ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ይህ በክፍል ሙቀት 2 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋበት ያህል ማለት ነው። ፍላቱ ሳያልቅ ጠርሙስ የሞላ ሰው ግን ውስጡ በሊትር 20 ግራም ስኳር ሳያውቅ ሊያስቀር ይችላል። ያኔ ግፊቱ 5 ባርን ሊያልፍ ይችላል። የሻምፓኝ አምራቾች ሆን ብለው በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳር ጨምረው ወደ 6 ባር የሚጠጋ ግፊት ያገኛሉ፤ የእነሱ ባዶ ጠርሙስ ግን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ታችኛው ክፍሉ ወፍራም ነው፣ ቡሹም በሽቦ ይታሰራል። እንዲያም ሆኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኳሩን መጠን በትክክል መለካት እስኪለምዱ ድረስ በምድር ቤታቸው ውስጥ ጠርሙሶች ይፈነዱ ነበር። አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይሰብራል፤ ሠራተኞቹም ፊታቸውን በብረት ጭምብል ሸፍነው ነበር የሚገቡት። ሙያቸው የሆነ ሰዎች በዚያ ሁሉ ዓመት የተቸገሩበትን ነገር እኛ በተራ ጠርሙስ፣ በግምት፣ በኩሽና ቁም ሣጥን ውስጥ ልንሞክረው አይገባም።

ፍላት ማለቁ በዓይን አይታወቅም፤ ይለካል። ሃይድሮሜትር የሚባል ተንሳፋፊ መለኪያ አለ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። መካከለኛ ቢራ ሲጀመር 1.050 አካባቢ ያነባል፣ ሲጨርስ ወደ 1.010 ወይም 1.014 ይወርዳል። ቁጥሩ በሦስት ተከታታይ ቀናት ካልተነቃነቀ ብቻ ጠርሙስ ሙሉ። ስኳሩን በሚዛን መዝኑ፤ በሙሉ መጠጡ ውስጥ እኩል አሟሙት እንጂ በየጠርሙሱ በማንኪያ አትገምቱ። የተጫረ ወይም ጥርስ ያወጣ ጠርሙስ ጣሉት።

የጠላ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። የቢራ የብቅል ውሃ እርሾ ከመግባቱ በፊት በእሳት ስለሚፈላ ብቅሉ ስታርችን ወደ ስኳር የመለወጥ ኃይሉን ያጣል። በጠላ ግን ብቅሉ በእሳት ሳይፈላ ስለሚገባ ያ ኃይሉ አብሮት ይቆያል፤ ከእንኩሮው ስታርች አዲስ ስኳር እያወጣ እርሾውን መመገቡን ይቀጥላል። ስለዚህ ዛሬ የረጋ የመሰለ ጠላ ነገ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ጠላን፣ ይልቁንም ጉሹን፣ በምንም ዓይነት ጠርሙስ ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉ። ያልጠራ ጠጅም እንዲሁ ነው።

እንግዳ ሲሸኝ የምንሠራው ስህተት

በዓል በዋለ ማግስት ዘመድ ሲሸኝ "ይሄን ለእማማ አድርሱልኝ" ተብሎ ጉሹ በሃይላንድ ይሞላል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ የመኪና ኋላ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ያገኘው መኪና ውስጡ ምድጃ ነው። ሙቀቱ እርሾውን ያፈጥነዋል፣ በመጠጡ ውስጥ የሟሟውንም ጋዝ ያስወጣዋል፤ ግፊቱ ከሁለት በኩል ይጨምራል። የውሃ ፕላስቲክ ስስ ነው። እማማ ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ዘንበል አድርገው ሲከፍቱት ክዳኑ በዓይናቸው ላይ ሊወረወር ይችላል። ፍቅራችንን የምንልክበት ዕቃ ሰው እንዳይጎዳ እንጠንቀቅ።

መስጠት ካለባችሁ የለስላሳ ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ እሱ ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲሶውን ጎደሎ ተዉ፣ ክዳኑን አላሉ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቀዝቅዞ ይሂድ። ተቀባዩ እንደደረሰው ፍሪጅ ውስጥ ያስገባው፣ በየቀኑም ያስተንፍሰው። ይህን በቃል ንገሩት፤ በወረቀትም ጽፋችሁ ለጥፉበት። በመስታወት ጠርሙስ ግን አትስጡ።

የማይታየው ጋዝ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። በተለመደው አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ገደማ ነው። 4 በመቶ ሲደርስ ለሕይወት ወዲያው አደገኛ ከሚባለው መጠን ይገባል፤ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። መስኮቱ በሚከፈት ክፍል አንድ ባልዲ ቢራ ቢፈላ ይህ አይደርስም። የሚያሠጋው ሌላ ነው፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ጓዳ ወይም በምድር ቤት ብዙ በርሜል አንድ ላይ ሲፈላና ሰው እዚያው መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ሲተኛ ነው። ጠላና ጠጅ ለሽያጭ የምትጠምቁ እናቶችና እህቶች፣ ይህ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በሚፈላበት ክፍል ሰው አይደር፤ በርና መስኮቱ ከታች ጭምር አየር ይግባበት።

ባዶውን በርሜል ለማጠብ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። ጋዙ ከታች እንደተኛ ይቆያል። ሰው በርሜል ውስጥ ወይም ጓዳ ውስጥ ወድቆ ብታገኙ እየሮጣችሁ አትግቡ፤ ተከትሎ የገባውም አብሮ ይወድቃል። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ከውጭ ሆናችሁ ልትጎትቱት ከቻላችሁ ጎትቱት፣ እርዳታ ጥሩ። ራስ ምታት፣ ትንፋሽ ማጠርና መደናበር ከተሰማችሁ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ውጭ ውጡ።

ጠርሙሱ አስቀድሞ ከታሸገስ?

ቀድማችሁ በመስታወት አሽጋችሁ ከሆነና አንዱ ፈንድቶ ወይም ሲከፈት እንደ ፏፏቴ ገንፍሎ ከሆነ፣ የቀሩትም ያው እንደሆኑ ቁጠሩ። አታነቃንቁ፤ ልጆችን አርቁ። መነጽር፣ ወፍራም ጓንትና እጅጌው ረጅም ወፍራም ልብስ ልበሱ። ጠርሙሶቹ ላይ ድርብ ብርድ ልብስ ጣሉ፤ ክፍሉን አቀዝቅዙና አንድ ቀን ተዉአቸው። ቅዝቃዜ ጋዙን ወደ መጠጡ ስለሚመልሰው ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በወፍራም ፎጣ እንደተጠቀለሉ፣ ደጅ ላይ ክፈቱና ድፉ። "ያሳዝናል፣ ማሩ ውድ ነው" አትበሉ፤ ዓይን ይበልጣል።

መስታወት ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ አትንቀሉት። ዓይኑን የማይነካ ነገር፣ ለምሳሌ ንጹሕ የወረቀት ኩባያ፣ ከላይ ሸፍኑበትና ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሰውነት ላይ የተሰካ ስባሪም አይነቀልም፤ ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ደሙን አቁሙና ወደ ሐኪም ሂዱ።

መጥመቅ ያማረ ሙያ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልሻም። እንዲያውም ልጆቻችን ቢማሩት ደስ ይለኛል። ሲማሩት ግን ጎደሎ መተውን፣ መውጫ ማበጀትን፣ ለክቶ ማሸግን ከምጥኑ ጋር አብረው ይማሩ። ጌሾና ብቅል የምትሸጡ ባለ ሱቆች፣ በየከረጢቱ ላይ "በጥብቅ አትክደኑ" የሚል ወረቀት ለጥፉ። በስልክ የምትመክሩ እናቶች፣ መጀመሪያ "በምን ዕቃ ነው የጠነሰስሽው?" ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም አንባቢዎች፣ ለመጪው በዓል ሊጠምቅ የተነሣ ሰው የምታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ከእርሾው በፊት ቱቦውን ይግዛ።